ከ1868 ፎቶግራፎች እስከ ማይ ዘግዘግ ተፋሰስ፦ የአየር ንብረት ለውጥን በትግራይ ደጋ መሬት ላይ የማጥናት ጉዳይ

የአየር ንብረት ለውጥ በአንድ አካባቢ መሬት ላይ ያስከተለውን ለማጥናት የሚነሳ ሰው ገና ከመነሻው አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የተራቆተ ተራራ፣ የተቦረቦረ ማሳ ወይም የነጠፈ ምንጭ ሲታይ ጥፋቱን በሰማይ ላይ ማሳበብ ይቀላል፤ ነገር ግን ያው ተራራ ዝናቡ ምንም ሳይጓደል በመጥረቢያና በልቅ ግጦሽ ሊራቆት፣ ሙቀቱ እየጨመረ በሄደበት ዘመንም በእርከንና በክልከላ መልሶ ሊያገግም ይችላል። የአየር ንብረቱን ድርሻ ከሰው እጅ ድርሻ ለመለየት ረጅም ዘመን የሚሸፍን ማስረጃም በጠባብ ቦታ ላይ በጥንቃቄ የተወሰደ ልኬትም ያስፈልጋል። ሁለቱ ተገናኝተው ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የትግራይ ደጋ ነው።

ጉዳዩ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በ1868 የተነሱ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ሥፍራ እንደገና ተነስተው የተነጻጸሩበት ጥናት ነው። ሁለተኛው በደጉዓ ተምቤን፣ በሀገረ ሰላም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው 200 ሄክታር ስፋት ያለው የማይ ዘግዘግ ተፋሰስ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አኃዞቹ ሁሉ ደግሞ በ2020 ከተቀሰቀሰው ጦርነት በፊት የተሰበሰቡ በመሆናቸው የዚያን ጊዜውን ሁኔታ እንደሚያሳዩ ተደርገው ይነበቡ።

የዘመቻው ፎቶግራፎች

በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ከመሐንዲሶቹ ጋር የፎቶግራፍ ቡድን አስከትሎ ነበር። የዘመቻው ፍጻሜ የታወቀ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፣ ጦሩም የአምባውን ቅርስ ዘርፎ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ቡድኑ ያነሳቸው ቡናማ ፎቶግራፎች ግን የሰሜን ኢትዮጵያን መልክዓ ምድር የሚያሳዩ የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሆነው ቀሩ። ያነሷቸው ወታደሮች ሰፈራቸውንና መንገዳቸውን ለማስቀረት እንጂ ለአፈር ተመራማሪ ብለው አልነበረም፤ ይህ ሐሳብ የለሽነታቸው ለጥናቱ የበጀ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተራራው ለምልሞ ወይም ተራቁቶ እንዲታይ የፈለገ ሰው ከካሜራው ኋላ አልነበረም።

በ2008 በበጋ ወራት በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰን፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌ፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ፎቶግራፎች 13ቱን ይዘው የየቦታቸውን መሬት ከዚያው አቅጣጫ እንደገና የሚያሳዩ ምስሎችን አጠኑ፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ካሜራው የቆመበትን ቦታ ማግኘት ብቻውን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊት ያለው ቋጥኝ ከኋላው ካለው የአምባ ጫፍ ጋር በጥንቱ ምስል ላይ እንዴት እንደተስተካከለ ታይቶ፣ ቅርቡና ሩቁ ልክ እንደዚያው እስኪገጣጠሙ ድረስ ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ ሥፍራውን ማጥበብ ግድ ነው። ቋጥኝና ገደል በ140 ዓመት አይንቀሳቀሱምና ምስክርነታቸው የታመነ ነው፤ ዛፍና ቤት ግን ለዚህ ሥራ አይበጁም። ወቅቱም መጠበቅ አለበት፤ ዘመቻው በበጋ ስለነበረ በክረምት የተነሳ አዲስ ምስል ድንጋያማውን ተዳፋት ሁሉ አረንጓዴ አድርጎ ያሳይና ንጽጽሩን ያበላሸዋል። ከዚህ በኋላ የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን፣ የእርሻ መሬት አያያዝ፣ የእርከን መኖር፣ የወንዝ ዳር እፅዋትና የመሳሰሉት ነገሮች በየጥንዱ እየተስተያዩ ነጥብ ተሰጠባቸው።

ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። የእፅዋት ሽፋኑ በ2008 ከ1868ቱ በግልጽ ተሽሎ ተገኘ። የተሻሻለው ከፊሉ ከ1950ዎቹ ወዲህ በአካባቢው የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አማራጭ በመሆኑ ከአገር በቀሉ ዛፍ ላይ የመጥረቢያውን ጫና አቅልሏል። ከዚያ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ግን በየተዳፋቱ ማንም ሳይተክላቸው መልሰው የበቀሉት አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ናቸው። በማሳዎቹ ላይ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራም በ1868 ከነበረው በልጦ ታይቷል። ይህ ሁሉ የሆነው የሕዝቡ ብዛት ዐሥር እጥፍ ገደማ ባደገበት ዘመን ነው።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በትምህርት ቤትም፣ በሬዲዮም፣ በችግኝ ተከላ ንግግርም ሲደጋገም የኖረ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከመቶ ዓመት በፊት አገሪቱ 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር ይባላል። የ1868 ፎቶግራፎች ስለ መላ አገሪቱ ሊናገሩ አይችሉም፤ ጦሩ ባለፈበት መንገድ ዙሪያ ግን ያ ደን አይታይም። የሚታየው በአብዛኛው ገላጣ ተዳፋት ነው። ከዚያም ጥናቱ ያከለው ነጥብ ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው፦ የታሪክ ምንጮችና የተለካው መረጃ ሲገናዘቡ በ1868 አካባቢና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው የዝናብ ሁኔታ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከ21ኛው መጀመሪያ ጋር ተቀራራቢ ነው። ዝናቡ ተቀራራቢ ሆኖ የመሬቱ ገጽ ከተለወጠ፣ የለወጠውን ምክንያት ከዝናቡ ውጭ መፈለግ ያስፈልጋል።

በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ዘመን

በሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ሁለት ምስሎች ግን መካከላቸው የሆነውን አይናገሩም፤ ሽፋኑ ከ1868 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተሻለ መጣ ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ሌሎች ምንጮች አሉ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በወረራው ጊዜ ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ተገኝተዋል። በ1975 በማዕከላዊ ትግራይ ለመሬት ጥናት የተነሱ ፎቶግራፎችም በ2006 እንደገና ተነስተው ተነጻጽረዋል። ተመራማሪው አማውሪ ፍራንክልና ባልደረቦቹ ደግሞ የቦረቦሮችን ዕድሜ በእነዚህ ምስሎች ተከታትለው፣ እስከ 1965 ገደማ በአንጻራዊነት ረጋ ብለው የቆዩት ቦረቦሮች ከዚያ ወዲህ በፍጥነት እየሰፉ ሄደው ከ2000 አካባቢ ጀምሮ መርጋት መጀመራቸውን አሳይተዋል።

ስለዚህ የመሬቱ ታሪክ ወርዶ የተነሣ ታሪክ ነው፤ የታችኛው ጥግ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ላይ ይወድቃል። እነዚያ ዓመታት የ1965/66 ዓ.ም.ንና የ1977 ዓ.ም.ን ድርቆች የያዙ ናቸው፤ የአየር ንብረቱ እጅ በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ካደረቀ፣ የተራቡ ከብቶች የቀረውን ከጋጡ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ልብስ በሌለው አፈር ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉ ይበረታል፤ ወንዙ ዳርና ዳሩን እየበላ ይሰፋል። በ1868 ምስሎች ላይ የሚታዩ አንዳንድ የወንዝ ዳር ዛፎች በ2008 የሉም፤ የሄዱት በዚህ ዘመን ጎርፍ ነው። በኋላ የተሠራው እርከን ተዳፋቱን ቢያድንም የሰፋውን የወንዝ አልጋ ወደ ቀድሞው ጥበቱ አልመለሰውም። ድርቁ ብቻውን ይህን ሁሉ ባላደረሰ ነበር፤ ተዳፋቱ አስቀድሞ ባይራቆት ኖሮ ያው ዝናብ ያን ያህል ጎርፍ አያስነሳም። የተራቆተው ተዳፋትም ድርቁ ባይጨመርበት ቀስ ብሎ ይጎዳ ነበር እንጂ በሁለት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ እንዲህ አይቦረቦርም። የአየር ንብረትና የመሬት አያያዝ ድርሻ በመቶኛ ተከፍሎ እንዲነገረን የምንጠይቅ ሰዎች ጥያቄያችን ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ይህ ዘመን ያሳያል፤ አንዱ የሌላውን ጉልበት የሚያባዛ ነውና።

የሙቀቱ ነገር ሌላ ነው። በኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። ዝናቡ ግን በአገር ደረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ግልጽ ለውጥ አላሳየም፤ ከዓመት ዓመት መዋዠቁ ነው የሚያስቸግረው። ለገበሬው ይህ ማለት የሚዘንበው ያው ሆኖ ከመሬትና ከቅጠል የሚተነው ይበዛል፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ በመስከረም መባቻ ቀድሞ የሚወጣባቸው ዓመታትም ዋጋቸው ይከብዳል ማለት ነው። ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ራስን ማላመድ ስንል እንግዲህ በአንድ ክረምት የወረደውን ውሃ ወደ ወንዝ ከመፍሰሱ በፊት አፈር ውስጥ ማስቀረት መቻል ነው። ማይ ዘግዘግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ማይ ዘግዘግ

ሀገረ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ተደራርበው ተዳፋቱን ደረጃ ደረጃ አስመስለውታል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይጠቃለላል። ገበሬው ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ጥራጥሬ ያመርታል፤ ስንዴና ገብስን ቀላቅሎ መዝራትም በትግራይ የቆየ ልማድ ነው፤ ሓንፈጽ ይባላል። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከረዘመ ስንዴው ይጠቅማል፤ የአየር ንብረት ማላመድ የሚለው አነጋገር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሥጋቱን ለሁለት እህል የማከፋፈል ዘዴ ነበር።

በተፋሰሱ ላይ ከ2000 ወዲህ የተሠራው ሥራ በዓይነቱ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ከተራራው ጫፍ እስከ ሸለቆው ሥር በአንድነት መሠራቱ ነው። በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ እርከን ተካበ፣ በቦረቦሮቹ ውስጥ 242 የድንጋይ ክትሮች ተሠሩ፣ አዝመራ ከተነሳ በኋላ ከብት በማሳ ላይ መልቀቅ ቀረ፣ አንዳንድ ገደላማ ቦታም ተከልሎ ለዛፍና ለቁጥቋጦ ተተወ።

የድንጋይ እርከን ከሩቅ ሲያዩት መስመር ነው፤ ቀረብ ሲሉት ግን በየዓመቱ የሚለወጥ ነገር ነው። መጀመሪያ ከፍታው እኩል የሆነ መስመር በገመድና በውሃ ልክ ይወጣል፤ መሠረቱ ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ሆኖ ወደ ተዳፋቱ ዘንበል ብሎ ይካባል፤ ከኋላው ጠጠርና ኮረት ይሞላል። ክረምት ሲገባ ውሃው በድንጋዩ መካከል እየተጣራ ያልፋል፤ ይዞት የመጣው አፈር ግን ከካቡ ኋላ ይቀራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ካቡ ሊሞላ ይደርሳልና ገበሬው ሌላ ረድፍ ድንጋይ ይጨምርበታል። በአንድ ማሳ ውስጥም ልዩነት ይፈጠራል፤ ከካቡ በላይ የተጠራቀመው አፈር ጥልቅና እርጥብ ሲሆን፣ ከላይኛው ካብ ሥር ያለው መሬት ማረሻው አፈሩን ወደ ታች ስለሚገፋበት ይሳሳል። ለዚህም ነው ሰብሉ በአንዱ ማሳ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቁመቱ በርትቶ፣ በላይኛው ጠርዝ ቀጥኖ የሚታየው። በትግራይ ደጋ በ202 ማሳዎች ላይ በተደረገ ልኬት የድንጋይ እርከን በዓመት የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሰ ተረጋግጧል።

ውሃው ላይ የተደረገው ልኬት ደግሞ እንዲህ ነው። በ2006 ክረምት በተፋሰሱ መውጫ ላይ የተለካው ጎርፍ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህ ከዘነበው ዝናብ 1.6 በመቶ መሆኑ ነው። መሬቱ በ2000 በነበረበት አያያዝ ቢቆይ ኖሮ ያው የ2006 ዝናብ 26.5 ሚሊ ሜትር ጎርፍ፣ ማለትም የዝናቡን 8 በመቶ ያስወርድ እንደነበር ተሰልቷል። ቅነሳው 81 በመቶ ነው። አኃዙ ለዓይን እንዲታይ ወደ ውሃ ስንቀይረው፣ ከ200 ሄክታር ላይ በአንድ ክረምት 53,000 ሜትር ኩብ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ወደ 10,000 ወርዷል፤ ልዩነቱ 43,000 ሜትር ኩብ ውሃ አፈር ውስጥና ከክትሮቹ ኋላ ቀርቷል። የከርሰ ምድር ውሃውም መልስ ሰጥቷል፤ ዝናብ ከገባ በኋላ የውሃው ወለል ከፍ የሚልበት መጠን ከትርፉ ውሃ (ከዝናቡ ላይ ትነቱ ተቀንሶ ከሚቀረው) ጋር ሲመዛዘን በ2002 እና 2003 ከነበረበት 3.4 በ2006 ከ11.1 በላይ ደርሷል። አዳዲስ ምንጮችና ጉድጓዶች ብቅ አሉ፤ ትንንሽ የመስኖ ማሳዎችም ተጀመሩ።

ከአኃዞቹ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ አንድ ሌላ ምልክት ነው። ገበሬዎቹ በቦረቦሮቹ ውስጥ፣ ከክትሮቹ ኋላ በተጠራቀመው አፈር ላይ ሰብል መዝራት ጀምረዋል። ቦረቦር ውስጥ ዘር የሚጥል ሰው ደራሽ ጎርፍ መጥቶ እንደማይወስድበት በራሱ እህል ተወራርዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ውርርድ ደግሞ ለተመራማሪ ደስ ይበለው ብሎ የሚያደርገው ሰው የለም። አፈሩ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ሰብሉ የሚያድግበት ጊዜም ረዝሟል፤ ዝናቡ ቀድሞ በሚወጣበት ዓመት ፍሬው ሊሞላና ሊኮስስ የሚችለው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ 81 በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። የ2006ቱ ጎርፍ ተለክቷል፤ የ2000ው ግን በየመሬት አጠቃቀሙ ከተለካው የጎርፍ ባሕርይ ተነስቶ በቀመር የተሰላ ነው። ስሌቱን የሚደግፈው በአካባቢው ያልለሙ ተፋሰሶች የሚያስወርዱት ጎርፍ ከ8 በመቶው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው፤ ይህ ጥሩ ድጋፍ ቢሆንም ከልኬት ጋር አንድ አይደለም። በአገራችን የልማት ሪፖርቶች ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ቁጥር አንዴ ከገባ በኋላ የተሰላ መሆኑ ይረሳና እንደ ተለካ ይጠቀሳል።

ዋጋውም መነገር አለበት። ልቅ ግጦሽ ሲቀር መኖውን አጭዶ ከበረት ድረስ መሸከም የቤተሰቡ ሥራ ይሆናል፤ ገደላማው ቦታ ሲከለልም በላዩ ይሰማሩ የነበሩ ፍየሎች ወደ ሌላ ተዳፋት ይሄዳሉ፤ ያ ተዳፋት በጥናቱ ወሰን ውስጥ ካልሆነ ጉዳቱ በስሌቱ አይታይም። ድንጋይ የመካቡ ጉልበት በከፊል በምግብ ለሥራና በሴፍቲኔት የተከፈለ ቢሆንም ብዙው ሕዝቡ በበጋ ወራት በነፃ ያዋጣው ነው። ያን ጉልበት በብር ተምኖ ከጥቅሙ ጋር ያላስተያየ ሪፖርት ማላመዱን ርካሽ አስመስሎ ያቀርባል።

ውጤቱን ወደ ሌላ ቦታ የመውሰድ ነገር

ከላይ ያሉት ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ከፊል ደረቅ በሆነ አካባቢ የተጎዳ መሬት ወደ ኋላ አይመለስም የሚለውን ግምት ውድቅ ያደርጋሉ። ነገር ግን ማይ ዘግዘግ ላይ የሠራው ዘዴ የሠራው ዝናቡ ትንሽ፣ ድንጋዩ ብዙ፣ ችግሩም የውሃ እጥረት በሆነበት ቦታ ነው። በጎጃም እንደ አንጀኒ ባለ ዝናቡ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት አካባቢ ያንኑ እርከን በእኩል ከፍታ መስመር አጥብቆ መካብ ውሃውን በማሳ ላይ ያስተኛዋል፤ ጤፉና ገብሱ ሥራቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ ቢጫ ይሆናሉ፤ የተጠራቀመው ውሃ አንድ ቦታ ላይ ካቡን ጥሶ ሲወጣም አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ትርፉን ውሃ ለማሸኘት ነው። የማላመድ ዕቅድ ከአዲስ አበባ ተነድፎ ለየወረዳው በሄክታርና በኪሎ ሜትር እርከን ኮታ ሲታደል ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ ወረዳውም የተሰጠውን ኪሎ ሜትር ለመሙላት ይሠራል፤ በተፋሰሱ መውጫ ላይ ጎርፉን የሚለካ ሰው ስለማይመደብ ሥራው ይበጅ ወይም ይጉዳ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ በአንጀኒ አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበትን ፋንያ ጁ የተባለ እርከን ሲያሠራ ለመስመሮቹ ጥቂት ዝንባሌ የሰጣቸው፣ አፈሩ ሲቀር ትርፉ ውሃ በዝግታ ወደ ማፋሰሻው እንዲሄድ ነው።